ስልሳ አራት ጨዋታ

ደብዳቤው የደረሰው ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው እኅቴ ማንያህልሻል የሦስት ሰዓት መድኃኒቷን ውጣ፣ ከምሬቱ የተነሳ የጨፈገገው ፊቷ ገና ሳይፈታ በሩ ስለተንኳኳ ነው። የመጣው የግምት ቤት መልእክተኛ ነበር። ሠሪዎቹ መጻፋቸውን፣ ሦስተኛው ሳጥን መስከረም ላይ እንደሚወጣ፣ እኛም ሳንውል ሳናድር መንገድ መጀመር እንዳለብን ነግሮን ወረቀት ዘረጋ። እኅቴ ፈረመች። እኔም ከሥሯ ፈረምኩ። እሷ የከተማው እግረኛ ገማች ነበረች፤ እኔ የእሺ ጸሐፊ።

ይህን የሚያነብ የሌላ አገር ሰው ሊኖር ስለሚችል ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ሳጥን የምንለው የጨዋታ ሳጥን ነው። ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ ሰው ጆይስቲክ የሚባለውን መቆጣጠሪያ ይዞ ኳስ ይመታበታል፣ መኪና ይነዳበታል፣ ጀልባ ይቀዝፍበታል። የሚሠሩት ከባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አይተናቸው አናውቅም። አዲስ ሳጥን ሊያወጡ አምስት ወር ሲቀራቸው ለየከተማው ደብዳቤ ይጽፋሉ። በደብዳቤው ውስጥ ሳጥኑ ካለፈው ሳጥን ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ በውስጡ ያለው ሣር እንዴት አንድ በአንድ እንደሚወዛወዝ ከተተረከ በኋላ አንዲት ጥያቄ ትመጣለች፦ ስንት እንላክላችሁ? ይህችን ጥያቄ ለመመለስ ሲባል በከተማችን የግምት ቤት ተቋቋመ።

በግምት ቤት በር ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ያለው ጽሑፍ "እሺ ይበልጣል ከሺ" የሚል ነው። የእኔ ስም ይበልጣል ስለሆነ፣ በሩ ላይ ስሙ ስላለ ነው የተቀጠረው እያሉ የሚያሙኝ ነበሩ። ጽሑፉ ግን ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም፤ የቤቱ ሕግ ነው። እግረኛው ገማች በየቤቱ ያንኳኳል፤ "ሳጥኑ ሲመጣ ትወስዳላችሁ?" ይላል፤ ባለቤቱ "እሺ" ይላል፤ ጸሐፊው "እሺ" ብሎ ይጽፋል። መዝገቡ ሲገባ አባዢ የሚባለው ሹም፣ አቶ ልሳነወርቅ፣ እያንዳንዷን እሺ በሺ ያባዛል። ይበልጣል ከሺ የሚለውን ለማክበርም በመጨረሻ አንድ ይጨምራል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራው ማባዛት ነበረ፤ ያባዛ ነበር።

የአገራችን ሰው ደግሞ ደጁ ድረስ የመጣን ሰው እንቢ አይልም። እንቢ ማለት ነውር ነው። የሚገዛውም እሺ ይላል፣ የማይገዛውም እሺ ይላል፣ ቴሌቪዥን የሌለውም እሺ ይላል። እኅቴ ግን እሺ ከእሺ ትለይ ነበር። ዓይንን በር ላይ አድርጎ የሚባል እሺ አለ፤ "በይ አሁን ሂጂልኝ" ማለት ነው። "እሺ እስቲ" አለ፤ እሱ እንቢ ነው፣ ጨዋ ልብስ ለብሶ ነው እንጂ። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ የሚባልም አለ፤ ይህ የሚገዛ ሰው እሺ ነው፣ ዋጋውን ግን ገና ለሚስቱ አልነገራትም። በቅጹ ላይ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ቦታ አልነበረም። የነበረው አንድ ዓምድ ነው፤ እሺ።

ከአባዢው ሌላ ብዬ ነበሮች የሚባሉ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ሥራቸው የሚጀምረው ነገሩ ከለየ በኋላ ነው። ሳጥኑ ከተሸጠ ተሰብስበው "ይሸጣል ብዬ ነበር" ይላሉ፤ ካልተሸጠ "አይሸጥም ብዬ ነበር" ይላሉ። ከተሾሙ ጀምሮ አንድም ጊዜ ስተው ስለማያውቁ ደሞዛቸው ከሁላችንም ይበልጣል፤ በስብሰባም የፊት ወንበር የእነሱ ነው።

የመጀመሪያው ሳጥን በመጣበት ዓመት እኅቴና እኔ አርባ ስድስት እሺ ሰበሰብን። የግምት ቤትም አርባ ስድስት ሺ አንድ ብሎ ላከ። ሠሪዎቹ ይህን ያህል እንደሌላቸው ገልጸው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ያላቸውን አራት መቶ ሰባ ሳጥን ላኩ። ያ ይቅርታ በአደባባይ ተነበበ። ገበያው ሳጥኑን በለጠው ተብሎ ግማሽ ቀን ሥራ ተዘጋ። ከበዓሉ በኋላ የተሸጠው አሥራ ዘጠኝ ነው። ከአሥራ ዘጠኙ አንዱን የገዛችው እኅቴ ነበረች።

የቀሩት አራት መቶ ሃምሳ አንድ ሳጥኖች ምን ይሁኑ በሚለው ላይ ክርክር ሆነ። በአገራችን ከሩቅ ተጠርቶ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ባስጠራው ሰው ቤት ያድራል። ያስጠራው ማን ነው ሲባል በየቤቱ ያንኳኳችው እግረኛ ገማች ናት ተባለ። ስለዚህ ሳጥኖቹ እኛ ቤት ገቡ። ማሸጊያቸውን መክፈት አይፈቀድም ነበር፤ እንግዳን ማን ይበረብራል። ሳሎናችን እስከ ጣሪያው ሞላ። በሁለተኛው ሳጥን ጊዜ ሦስት መቶ መጥተው ሠላሳ አንዱ ተሸጡ፤ ሁለት መቶ ስልሳ ዘጠኙ ማድ ቤታችንንና ዕቃ ቤታችንን ያዙ። ከዚያ ወዲህ ወጥ የምንሠራው ግቢ ውስጥ ላስቲክ ወጥረን ነው። የቀረችን የመኝታ ክፍላችን ብቻ ነበረች፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ የጎረቤት የኮክ ዛፍ የሚታይባት አንዲት መስኮት።

እኅቴ በሁለቱም ጊዜ ከመዝገቡ የኋላ ሽፋን ላይ የራሷን ቁጥር በእርሳስ ጽፋ ነበር። በመጀመሪያው ሃያ፣ በሁለተኛው ሠላሳ። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ነን። ሃያ ብላ አሥራ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ብላ ሠላሳ አንድ መሸጡን ስነግራት፣ "ያ አንዱ ሰውዬ ዘግይቶ ይሆናል፤ በሁለተኛው ደረሰ" አለች።

ደብዳቤው በመጣ ማግስት ለሚተርፍ ሳጥን ቦታ የሚመድበው የማደሪያ ሹም ሜትሩን ይዞ መኝታ ክፍላችንን ሊለካ መጣ። አልጋዎቹ ከወጡ ሁለት መቶ ሳጥን ትይዛለች አለ። አልጋዎቹ የት ይወጣሉ ብዬ ጠየቅሁ። ወደ በረንዳ ይውጡ አለ። በረንዳ የለንም ስለው እሱ ዝርዝር ነው ብሎ ጻፈውና ሄደ።

እኅቴ በዚያን ጊዜ ልቧን ታማ ነበር። እግሯ ያብጣል፣ ዳገት አትወጣም። ሐኪሙ እሷን ውጪ አስቀምጦ ለእኔ የነገረኝን እሷ ፊቴ ላይ አንብባዋለች። ሹሙ እንደ ወጣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በመስኮቱ እያየች፣

"ይበልጣል፣ ሞቱን ተወው፣ እሱ የማይቀር ነው" አለች። "ደጅ መሞቱ ግን አስፈራኝ። ሳጥን እቤት ተኝቶ እኔ ደጅ።"

ሌላ ሰው ይሂድ፣ አንቺ ተኚ አልኳት። እሷ ግን ሌላ ሰው ከሄደ እሺ ይዞ ይመለሳል አለች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ ያየችው ነገር እንዳየችው ቢላክ፣ ሳጥን እንደማይተርፍ ታውቅ ነበር። የፈለገችው ይህንን ብቻ ነው።

በሌላው ጊዜ ከተማውን ለመዞር ሦስት ቀን ይበቃን ነበር። በዚያ ዓመት አርባ ቀን ፈጀብን። አሥር እርምጃ ሄዳ ታርፋለች፤ እኔ አንድ የታሸገ ሳጥን በትከሻዬ ተሸክሜ እከተላለሁ፣ ስትደክም አስቀምጥላታለሁ፣ ትቀመጣለች። እንግዳን ወንበር ማድረግ የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ማንም አላሰበበትም።

በመጀመሪያው በር ላይ እንደ ልማዴ መዝገቡን ከፍቼ "ሳጥኑ ሲመጣ" ብዬ ስጀምር እጄን ያዘችኝ። "ያን ጥያቄ ዘንድሮ አንጠይቅም" አለች። ባለቤቱ በሩን ሲከፍት የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው፦ ከማን ጋር ትጫወታለህ?

እኔ በልቤ ልፋት ነው አልኩ። ይህን ጥያቄ የጠየቁት ሰው መቼም "እሺ" ብሎ አይመልስም። ሰውዬው አሰበ፤ ከልጄ ጋር አለ። እኅቴም "ጻፍ፤ አቶ እገሌ ከልጃቸው ጋር" አለችኝ። የት ልጻፈው? የእሺው ዓምድ ባዶ ነው። ዳር ላይ ጻፈው አለች። በሚቀጥለው ቤት አንዲት ሴት ለዚህ ጥያቄ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተችና ዘጋችው፤ ከዚያም "ሻይ ላፍላ?" አለች። እኅቴ አመስግና ወጣች። ያን ቤት አላስጻፈችኝም።

በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ፣ በውኃ መውረጃ ቦይ ተጣልተው ስድስት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ታላቁ ደምመላሽ፣ ታናሹ ሽፈራው ይባላሉ። ደምመላሽን ስትጠይቀው "ከዚያ ሰውዬ ጋር ካልሽኝ ሞቼ ነው" አለ። ማንም ስለ "ያ ሰውዬ" አላነሣም። ሽፈራውን ስትጠይቀው ደግሞ "እሱ እኮ ድሮም ሲሸነፍ ያኮርፋል" አለ። ስንወጣ "ጻፍ፤ ደምመላሽ ከሽፈራው ጋር፣ አንድ ሳጥን" አለችኝ።

"እትዬ፣ እነዚህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።"

"ሰላምታ የሌለው ሰው ነው ሰበብ የሚፈልገው" አለችና ሳጥኗ ላይ ተቀመጠች።

ወይዘሮ የሺ ቤት የደረስነው በግንቦት አጋማሽ ነው። ወይዘሮ የሺ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ስማቸው የሺ ስለሆነ አቶ ልሳነወርቅ በሕዝብ ቆጠራ ጊዜ እንደ ሺ ሰው አባዝቷቸው ስለነበር፣ በመዝገብ ሲታይ የእሳቸው ቤት ከከተማው በሰው ብዛት አንደኛ ነው። ባላቸው ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ፤ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ወይዘሮ የሺ እኛን እንዳዩ፣ ሳይጠየቁ፣ "ሳጥን ሊመጣ ነው አሉ፤ እ" ብለው ሲጀምሩ እኅቴ ክንዳቸውን ያዘች።

"ቆይ ወይዘሮ የሺ፣ ገና አልጠየቅኩዎትም። ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?"

እሳቸውም ጥያቄውን እንደ ሳጥን ጥያቄ አልሰሙትም። ጨዋታ ሲባል የሰሙት እኛ ሁላችንም የምናውቀውን ጨዋታ ነው፤ ሰው ከሰው ጋር አምሽቶ የሚጨዋወተውን።

"ከሰውዬው ጋር ነበራ" አሉ። "ጨዋታ አዋቂ ነበር። አሁን ይህን ድመት አወራዋለሁ፤ እሱ እቴ፣ በልቶ ይተኛል።"

እኅቴ ከሳጥኗ ተነሥታ ከእሳቸው አጠገብ መደብ ላይ ተቀመጠች። እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሣንም። ወይዘሮ የሺ ስለ ታንኳ ነገሩን። ባላቸው ሲደክማቸው መቅዘፊያውን ተቀብለው ክረምት የሞላን ወንዝ እንዴት እንዳሻገሩ፣ ወንዝ ሲሞላ ወደ ማዶ ማየት ስሕተት እንደሆነ፣ ማየት ያለብህ አብሮህ የሚቀዝፈውን ሰው ትከሻ እንደሆነ። ሴትዮዋ እየሳቁ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። እኔ ያን ቀን አንድም ቃል አልጻፍኩም። ስንወጣ እኅቴ ደጁ ላይ ቆመች።

"ጻፍ" አለችኝ። "ወይዘሮ የሺ ከ። ቦታውን ክፍት ተወው።"

"ከማን ጋር ብዬ ልቁጠረው?"

"ጻፍ ብያለሁ ጻፍ።"

"እሺ" አልኳት።

"እሺ፣ ይበልጣል፣ ከሺ" አለች እየሳቀች። ይህ የእኛ ቀልድ ነበር፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ባዘዘችኝና በታዘዝኩ ቁጥር የምትለው።

ማታ ማታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ከመንገድ ገብተን እግሯን በለብታ ውኃ ካጠብኩላት በኋላ እኔና እሷ በራሷ ሳጥን እንጫወታለን። የምንወዳት አንዲት ጨዋታ ነበረች። ጀልባ ናት፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይቀዝፋል፤ ካልተስማማህ ጀልባዋ አንድ ቦታ ትዞራለች፣ ከተጣላህ ትገለበጣለች። ሰባት ዓመት ተጫውተናታል፤ ያቺን ወንዝ ተሻግረን አናውቅም። እሷ ግራ ስትል እኔ ቀኝ፣ እኔ ቀስ ስል እሷ ፈጠን። "ሁለታችንም ገማች ስለሆንን ነው" ትል ነበር። "አንድ ቀዛፊ ያስፈልገን ነበር።"

ሐምሌ አንድ ቀን የግምት ቤት ተሰበሰበ። እኅቴን ደግፌ አስገባኋትና ከመካከል በሳጥኗ ላይ ተቀመጠች። ከፊት ሰባቱ ብዬ ነበሮች፣ ከጎን አቶ ልሳነወርቅ ብዕሩን ቀለም ነክሮ፣ ከላይ ሊቀ ግምት ወንድይፍራው። ሊቀ ግምት ድካም የሚታይባቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ በሁለቱ ሳጥኖች ጊዜ ያደረጉት ንግግር ሁለት ጥርስ አሳጥቷቸዋል ይባላል፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። መዝገቡን እንዳነብ አዘዙኝ።

"የእሺ ብዛት" ብዬ አነበብኩ። "ባዶ።"

አቶ ልሳነወርቅ ባዶን በሺ አባዛ። ደግሞ አባዛ። በሦስተኛው ብዕሩን አስቀመጠና "ባዶ ነው፤ አንድ ስጨምር አንድ ይሆናል፤ ግን ከምን ላይ ልጨምር?" አለ። ድምፁ እንደ ተበደለ ሰው ነበር።

"ከተማው በሙሉ እንቢ አለ?" አሉ ሊቀ ግምት።

"ማንም እንቢ አላለም፣ ጌታዬ" አለች እኅቴ። "እኔም ትወስዳላችሁ ብዬ አልጠየቅኩም። ከማን ጋር ትጫወታላችሁ አልኩ። ስልሳ አራት ጨዋታ አለ። ስልሳ አራት ሳጥን ይበቃናል።"

ይህን ስትል ነው አርባውን ቀን ምን ስታደርግ እንደነበር የገባኝ። እሺ ከሌለ የሚባዛ የለም።

አቶ ልሳነወርቅ ስልሳ አራቱን በሺ ለማባዛት ፈቃድ ጠየቀ። ሕጉ ተነበበ። ሕጉ የሚለው እሺ ይበልጣል ከሺ ነው፤ ጨዋታ ይበልጣል አይልም። ስለዚህ የሚላከው ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ስልሳ አራት። ባዶ ብሎ የላከ ከተማ ደግሞ ዳግመኛ ደብዳቤ እንደማይጻፍለት ሁሉም ያውቃል። ሊቀ ግምት የብዬ ነበሮችን ሐሳብ ጠየቁ። አንደኛው ተነሥቶ "ነገሩ ካለቀ በኋላ አስተያየት ይኖረናል" ብሎ ተቀመጠ።

በዚህ መካከል አቶ ልሳነወርቅ ወንበሩን ወደ እኅቴ አስጠጋ። ብዕሩን እንደያዘ፣ በጣም በለዘበ ድምፅ፣

"ደክሞሻል፣ እቴ ማንያህልሻል። ውኃ ይምጣልሽ?" አላት።

ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ መድኃኒቱ ውኃ ያስጠማታል። በአፏ ውስጥ ያለችው ቃል አንዲት ናት፤ ሰው ሁሉ ውኃ ሲሰጡት የሚላት። ያቺን ቃል ከተናገረች ትጻፋለች፤ ከተጻፈች ትባዛለች፤ ሺ አንድ ሳጥን ይታዘዛል፤ አልጋዋ ይወጣል። አቶ ልሳነወርቅን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ተነሥቼ ከማሰሮው ቀዳሁና ሳልጠይቃት አጠጣኋት። ስትጨርስ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ዝም አለች።

ሊቀ ግምት ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ፣

"ማንያህልሻል፣ ስልሳ አራት ብለን እንላክ?" አሉ።

"አዎን" አለች።

ይህ ቃል በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም። የቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ እንዴት እንደሚጻፍ ሊቀ ግምትን በሹክሹክታ ጠየቀ። እሳቸውም በእጃቸው አየር ላይ ጽፈው አሳዩት።

ደብዳቤው በማግስቱ ሄደ። ሠሪዎቹም ቁጥሩ ከወትሮው ስላነሰ ስሕተት እንዳይሆን ደግመው ጠየቁ፤ ሊቀ ግምት ራሳቸው "አዎን" ብለው መለሱ፤ ቃሉን ወደዱት መሰለኝ። የማደሪያ ሹሙ መጥቶ መኝታ ክፍላችንን ከዝርዝሩ ሰረዘ። እኅቴ ያን ዕለት አልጋዋ ላይ ተኝታ የኮኩን ዛፍ ስታይ ዋለች። ክረምቱ ጠንክሮ ነበር፤ ዝናቡ ላስቲካችንን ሲደበድበው በመስኮት ይሰማ ነበር። "ስማው" አለችኝ፣ "እኛ ቤት ውስጥ ነን።"

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባችንን አወጣን። ጆይስቲኩን መያዝ ስላቃታት ጣቶቿን በጣቶቼ ያዝኩላት፤ በግራም በቀኝም የቀዘፍኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ጀልባዋ ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች። ትንሽ ተኚ አልኳት።

"እሺ፣ ይበልጣል" አለች።

ከሺ የሚለውን አልጨመረችም። ጠበቅሁ። እኔ የእሺ ጸሐፊ ነኝ፤ በሥራዬ ዘመን ከሰማሁት እሺ ሁሉ ያልመዘገብኩት ይህን ብቻ ነው። በአልጋዋ ላይ፣ ከጣሪያ ሥር ዐረፈች።

ለለቅሶው ከተማው በሙሉ መጣ። በአገራችን ለቅሶ ቤት ወንበር ይጠፋል፤ ሰው ቆሞ ያለቅሳል፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። በእኅቴ ለቅሶ ሰባት መቶ ሃያ ሳጥን ወጥቶ ግቢውንና መንገዱን ሞላ፤ የቆመ ሰው አልነበረም። ደምመላሽና ሽፈራው ሌላ ቦታ ስላላገኙ ይሁን፣ ብቻ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ልሳነወርቅ መጥቶ "እግዜር ያጽናህ" አለኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ብዬ ነበሮች በየተራ እጄን ጨብጠው "ታማለች ብለን ነበር" አሉኝ። ሥራቸው ነው፤ አልተቀየምኩም።

መስከረም ላይ ስልሳ አራቱ ሳጥኖች በአንዲት ትንሽ መኪና ገቡ። ተሽከርካሪ እንዳያንስ ተብሎ አሥራ አንድ መኪና ሊቀበላቸው ወጥቶ ነበር፤ ባዶውን አጅቦ ተመለሰ። በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ ስምንት ተሸጠ። በሁለተኛው ሃያ ሁለት። ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሌላ አንድ። ስልሳ ሦስተኛውን ደምመላሽ ገዛው፤ የተሸከመው ግን ሽፈራው ነው፣ "አንተ ትጥለዋለህ" እያለ። ከዚያ በኋላ ገዢ አልመጣም። ጥቅምት ሃያ ቀን ብዬ ነበሮች ተሰብስበው "አንድ ትስታለች ብለን ነበር" ሲሉ ዋሉ። ሳጥኑም እንደ ሕጉ ማታውን እኛ ቤት መጣ። እኛ ቤት የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ለብቻው አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት። ገማች ስትሆን በአንድ መሳት አይቀርም፣ በመጀመሪያው አንድ ጎድሏል፣ በሁለተኛው አንድ ተርፏል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ግን ያ አንዱ ሰው ዘግይቶ ይሆናል ያለችው ትዝ አለኝ። መዝገቡን አወጣሁና ዳር ዳሩን የጻፍኩትን አንድ በአንድ አየሁ። እገሌ ከልጁ ጋር፤ ገዝቷል። እገሊት ከጎረቤቷ ጋር፤ ገዝታለች። ስልሳ ሦስቱም እንዲሁ። ከዚያ የግንቦቱ ገጽ ላይ ደረስኩ። "ወይዘሮ የሺ ከ" ይላል፤ የራሴ ጽሕፈት ነው። ቀጥሎ ያለው ቦታ አንድ ስም የሚያህል ነው።

ከዚያ ብዕር አምጥቼ ስሜን ጻፍኩበት፤ ልክ ሆነ።

በማግስቱ ዋጋውን ለግምት ቤት ከፍዬ፣ ሳጥኑን በትከሻዬ ይዤ፣ እኅቴ ታርፍባቸው የነበሩት ቦታዎች ላይ ሁሉ እያረፍኩ ወይዘሮ የሺ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍተው አዩኝ፤ ሳጥኑንም አዩ።

"ልጄ፣ እኔ ይህን ነገር አላውቅበትም" አሉ።

"ጀልባ ናት፣ ወይዘሮ የሺ" አልኳቸው። "እኔም አላውቅባትም።"

"ግባ እንግዲህ። ግራውን ስጠኝ፤ ሰውዬውም ግራውን ነበር የሚሰጠኝ።"

በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሰባት ጊዜ ተገለበጥን። ኅዳር ሦስት ቀን ተሻገርን።